ሲሚንቶ ፎቶ አያውቅም

ነሐሴ 6

ለወንድሜ፣ ለእናቴ እህት ልጅ፣

ባለህበት ሁሉ ሰላም ይጠብቅህ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እኔን እንዴት ነሽ ብትለኝ፣ እህል ይወርድልኛል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ስለሚሆንብኝ ይቺን እዘላታለሁ።

ሁለት ጊዜ ደውለህ ነበር። ሁለቴም ስልኩን ያነሳችው ጎረቤቴ ናት፤ እኔ አፌን መክፈት አልቻልኩም። አሁን እጽፋለሁ። እንደምታውቀው ትምህርቴ የቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የምጽፈው በምሳ ሰዓት ነው፣ በክሊኒኩ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ። አንዷን ገጽ ለመሙላት ሦስት ምሳ ይፈጅብኛል። ስለዚህ እያንዳንዷን ነገር አስቤባት ነው፤ ተናዳ አምልጧት ነው እንዳትል።

ያን ቀን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ከድንገተኛ ክፍል አንዱ እየሮጠ መጥቶ “አንሶላ! ቶሎ በይ፣ አንሶላ!” አለኝ። ሁለት ሰጠሁት። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ በቀን ስንቱ ይመጣል። ልጄን የሸፈኑት እኔው ባጠብኩት፣ እኔው ባጠፍኩት አንሶላ ነው።

ይህን የምነግርህ እንድታለቅስልኝ አይደለም። ሌላ ጉዳይ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስጠሩኝ። ከባሕር ማዶ፣ ከእናንተ ኮሌጅ የመጣ ወረቀት ከነትርጉሙ አነበቡልኝ። ክርስቲያን ተማሪዎቹ ለአገልግሎት መጥተው በአሥራ አራት ቀን ለትምህርት ቤቱ ከፍ ያለ የአርማታ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እንደሠሩ፣ መርቀውም እንደሄዱ ይናገራል። ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦ “ቡድኑ ከሄደ በኋላ የአካባቢው ዋና ግንበኛ፣ በራሱ ፈቃድና በጥንቃቄ ጉድለት፣ የአርማታውን ድጋፍ ያለጊዜው በማንሳት ላይ ሳለ አደጋ ደርሶበት ሕይወቱ አልፏል።”

ወንድሜ፣ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ግንበኛ ነበር። ጓደኞቹ “ቱምቢ” የሚሉት ያቺ ግድግዳ መቆሙን የምትለካው ባለክር ብረት ከኪሱ ጠፍታ ስለማታውቅ ነው። የኔን ማድቤት ጣሪያ አርማታ ያፈሰሰው እሱ ነው፤ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በድጋፍ እንጨት መሃል እየተሽሎከሎክሁ አበሰልኩ። በሃያኛው ቀን “አሁንስ አንሳልኝ፣ ጭንቅላቴን ፈነከትኩት” ብለው፣ “እማ፣ አንዲት ቀን ምን አደረገችሽ?” ብሎ ሳቀብኝ። ለእናቱ ያላነሳ ሰው በራሱ ፈቃድ አነሳ ተባለ።

ያ ወረቀት ይስተካከል። አንተ የጉዞው አስተባባሪ ነህ፤ ወረቀት ሁሉ በእጅህ ያልፋል። ገንዘብ አልጠየቅሁህም። ይህን ብቻ።

እህትህ

*

መስከረም 20

ለውድ እትዬ፣

የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። እንባን ሁሉ ከዓይን የሚያብስ አምላክ ያንቺንም ያብስልሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ በየምሽቱ ስምሽን ጠርተው ይጸልያሉ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልቤ ተሰበረ። ብቻሽን እንዳልሆንሽ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። አሥራ ዘጠኙም ተማሪዎች በጸሎት ቤታችን ተሰብስበው አልቅሰውለታል። አንዷ ልጅ ሲሚንቶና አሸዋ እንዴት እንደሚቦካ ያስተማራት እሱ መሆኑን፣ የሠራችውን የጡብ መስመር አይቶም “ይህ ግድግዳ መጠጥ ቀምሷል” ብሎ እንዳሳቃቸው ስትናገር ያላለቀሰ አልነበረም። በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ነክቷል፣ እትዬ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የኢንሹራንስ ሰዎች የሚያስሞሉት ፎርም ነው። እንዲህ ዓይነት ፎርም የራሱ ቋንቋ አለው፤ ሰው ለመውቀስ የተጻፈ አይደለም። ልብሽ ላይ አታኑሪው። የልጃችን እውነተኛ መዝገብ ያለው በሰማይ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ቦታ ልናዘጋጅለት ወስነናል። ፎቶውን ብትልኪልን። ቢቻል ሲስቅ የተነሳውን። ለአንቺም ትንሽ ነገር በዳይሬክተሩ በኩል ልከናል፤ እባክሽ አትመልሺው።

በጸሎት የማይረሳሽ ወንድምሽ

*

ጥቅምት 11

ለወንድሜ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን።

የላካችሁትን መልሼዋለሁ። ዳይሬክተሩ “ለትምህርት ቤቱ ይሁን ወይ?” አሉኝ። “እሱን እናንተና እነሱ ተነጋገሩ” አልኳቸው።

መዝገቡ በሰማይ ነው ብለሃል። እኔ የምኖረው ምድር ላይ ነው። እዚህ ምን እንዳለ ልንገርህ።

በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ ግንበኞች ቀጣሪ የሚጠብቁበትን አደባባይ ማለፍ አለብኝ። አሮጌውን ግንበኛ ታስታውሰዋለህ፤ “ውሃልክ” የሚሉት፣ ልጄን ሙያ ያስተማረው። ሰኞ ዕለት ሁለት አዲስ ሠራተኞች ፊቱ አቁሞ ሲመክር ደረስኩ።

“አርማታና አማት አይቸኮልባቸውም” ይላል። ሳቁ። “ትስቃላችሁ! ቱምቢን የሚያህል ግንበኛ ቸኩሎ ድጋፍ ሲያነሳ አይደለም እንዴ የተደፋበት? እንደ ቱምቢ እንዳትሆኑ!”

ያን ጊዜ አየኝ። ባርኔጣውን አወለቀ።

“ይቅር በይኝ እናቱ፣ አላየሁሽም።”

“ካላየኸኝ ይባላል ማለት ነው?”

“ምን ላድርግ እናቱ። እኔም አላመንኩም ነበር። ወረቀቱ ነው እንዲያ የሚለው።”

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ወረቀት ልጄን ይዞት አልለቅም ብሏል። ከሱ ጋር ይሠሩ የነበሩትን አራት ሰዎችም ይዟል። “የቱምቢ ቡድን ናቸው፣ ሕንፃ ይጥሉብናል” ተብለው ከነሐሴ ጀምሮ የቀጠራቸው የለም። ከጠዋት እስከ ቀትር አደባባዩ ላይ ቆመው ይውላሉ። ሳልፍ አቀርቅረው ሰላም ይሉኛል፤ የነሱ አቀርቅሮ ሰላም ማለት ከስድብ ይብስብኛል።

ፎርም የራሱ ቋንቋ አለው ብለሃል። ቋንቋውን ሰው ነው የሚጽፈው። ማን ጻፈው? ይስተካከል ብዬህ ነበር፤ ስለ ግድግዳና ስለ ፎቶ መለስክልኝ።

ሲስቅ የተነሳውን አልልክም። የሚስቅ ልጅ ሰቅላችሁ ከሥሩ ቆማችሁ ልትዘምሩ ነው። በእናንተ ወረቀት ላይ ልጄ ጥፋተኛ ነው፤ ጥፋተኛ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 23

ለውድ እትዬ፣

ከሁሉ በላይ ሰላሙን ያብዛልሽ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። የጉባኤው ሥራ፣ ፈተናው፣ የልጆቹ ሕመም ተደራርቦብኝ ነው።

ምሬትሽ ይገባኛል። እናት ነሽ። ግን እትዬ፣ ምሬት የሚጎዳው የተሸከመውን ሰው ነው።

አንድ ትልቅ ነገር በእጅሽ ላይ አለ። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ተዘጋጅቷል፤ የፈረሰውን ማስቀመጫ መልሶ ሊሠራ ነው። ነገር ግን የኮሌጁ ቦርድ ከአደጋው በኋላ ፈርቷል። “ቤተሰቡ ቅር ተሰኝቷል” የሚል ነገር ሰምተዋል፤ ከየት እንደሰሙ አላውቅም። ጉዞው ከተሰረዘ ትምህርት ቤቱ ውሃ አያገኝም። ሦስት መቶ ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ የማስበው እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ በስልካቸው ሦስት ደቂቃ የምትሆን መልእክት ይቅረጹሽ። ብዙ ማለት የለብሽም። ልጅሽ ተማሪዎቹን ይወድ እንደነበር፣ በማንም ላይ ቂም እንደሌለሽ፣ ይቅር እንዳልሽ፣ እንዲመጡም እንደምትፈልጊ ብቻ። እኔ እዚህ እተረጉመዋለሁ። ከምሥክርነትሽ የሚወጣውን በረከት አሁን ልታዪው አትችዪም።

የወረቀቱን ነገር አልረሳሁትም። ጊዜው ሲሆን አነሳዋለሁ።

ወንድምሽ

*

ጥር 29

ለእናቴ እህት ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው። አሥራ አንድ ምሳ ፈጅቶብኛል። ተቀመጥና አንብበው።

ባለፈው ወር ማክሰኞ የልብስ ማጠቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ግራ እጇ እስከ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል።

“እናቴ፣ ልቀመጥ?”

“ተቀመጪ። ፋሻ ልታስቀይሪ ከሆነ ግን በላይኛው በር ነው” አልኳት።

“አንቺን ፈልጌ ነው። ከቱምቢ ጋር ሲሚንቶ የምሸከመው እኔ ነኝ። ያን ቀን ሌሎቹ ተሰናብተው ነበር፤ አብሬው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።”

ለካ እሷም ተጎድታ ነበር። እጇን አርማታው ይዞት። እኛ ክሊኒክ ሳትቆይ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ከዚያ እህቷ ጋ ሌላ ከተማ አምስት ወር ተኝታለች። ስትመለስ አደባባዩ ላይ የሚባለውን ሰማች። “ሆዴ እምቢ አለኝ” አለችኝ። የነገረችኝን እሷ እንዳለችው እጽፍልሃለሁ።

“ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እጁ በሲሚንቶ ስለተለወሰ ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሰውየው ደግሞ ድምፁ! እንኳን እኔ፣ ገና መሬት ላይ ያለው ታንከር ሰምቶታል።”

“ማን ነው ሰውየው?”

“‘አጎቴ’ ነው የሚለው።”

እጄ ላይ የነበረውን ትራስ ጨርቅ አስቀመጥኩ። “ምን አለው?” አልኳት።

“‘አንተ ልጅ፣ የቡድኑ መሪ እምቢ አለኝ ብሎ ደወለልኝ እኮ! እንጨት ተደግፎ የቆመ ነገር ማን ይመርቃል? ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ያለቀ ሥራ ፎቶ ይጠብቃሉ’ አለው። ቱምቢም ‘አጎቴ፣ አርማታው ገና አሥረኛ ቀኑ ነው። ዝናብም ነበረ። ሲሚንቶ ፎቶ አያውቅም’ አለ። ሰውየው ሳቀ። ‘አንተና ሲሚንቶህ! ለአንዲት ሰዓት ነው። የፊት ለፊቱን ብቻ አንሳው፣ አውቶብሱ ሲሄድ መልሰህ ታቆመዋለህ። ወይስ በሰው አገር ልታዋርደኝ ነው?’ አለው። ቱምቢ የድጋፉን እንጨት ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ‘እሺ’ አለ።”

“እሺ አለ?”

“እሺ አለ። ስልኩን ስዘጋለት ‘እምቢ አትለውም እንዴ?’ ብለው፣ ‘እናቴ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነው፤ እምቢ ብዬው እሷን ምን ልበላት?’ አለኝ።”

ይህን ስትናገር እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

ከዚያ ያለውን ልንገርህ። ከአሥራ ስድስቱ ድጋፍ የፊት ለፊቱን ስምንት አነሳ። “ታንከሩ ይውጣ፣ ውሃ ግን እንዳትሞሉበት” ብሎ ለመሪያቸው ነገረ። ተማሪዎቹ ግን ተሰልፈው በባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘመሩ፣ ከግማሽ በላይ ሞሉት፤ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይውረድና ይጨብጨብ ተብሎ። ከዚያ ሁሉም ከሥሩ ገብተው ቆመው ፎቶ ተነሱ። አሥራ ዘጠኝ የሰው ልጅ። ቱምቢን “ና፣ መሃል ቁም” ሲሉት አልገባም። ዳር ቆሞ ወደ ላይ፣ ወደ አርማታው ነበር የሚያየው። እግዚአብሔር ለአሥራ ዘጠኝ እናቶች አዘነ። እኔ ጋ ሲደርስ ምን እንደሆነ አላውቅም።

አራት ሰዓት ላይ አውቶብሱ ሄደ። አቧራው ሳይበርድ “እንጨቱን አቀብይኝ፣ ቶሎ” አላት። እሷ “መጀመሪያ ውሃው ይፍሰስ” አለችው። ቧንቧውን ከፈተው። ቧንቧው ደግሞ ቀጭን ነው። “በዚህ አያያዙ ይመሻል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከሥሩ ገብተው ነው የሚጠጡት” አለና ገባ። አምስቱን መልሶ አቆመ። ስድስተኛውን እያቀበለችው ሳለ ነው።

ልጄ ድጋፍ ሲያነሳ አልሞተም። ሲመልስ ነው የሞተው። ያንተን ሥራ ሲያስተካክል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍክልኝ፤ በሁለቱም ውስጥ ያ ስልክ የለም። ጸጋ አለ፣ እንባ አለ፣ ሦስት መቶ ሕፃናት አሉ፤ ስልኩ የለም። አላውቅም ነበር እንዳትለኝ። ከመሄድህ በፊት ሦስት ክረምት አርማታ በትከሻህ ተሸክመሃል። የትከሻህን ቁስል ያጠብኩልህ እኔ ነኝ። አሥር ቀን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

በማንም ላይ ቂም የለኝም በይና ተቀረጪ አልከኝ። አንተ በምትተረጉመው ቃል አንተን ይቅር እንድልህ፣ እኔ ግን ማንን ይቅር እንዳልኩ እንዳላውቅ! ይህን ስታስብ አላፈርክም?

የምፈልገው አንድ ነው። በእጅህ ጻፍ፦ እኔ አዘዝኩት፣ እሱ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ የሞተውም ድጋፉን ሲመልስ ነው ብለህ። ፈርምበት። አንዱን ለዳይሬክተሩ፣ አንዱን ለኔ ላክ።

የሟች እናት

*

መጋቢት 17

አጎት ለተባልከው ሰው፣

ደብዳቤዬ እንደደረሰህ አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ በስልክ ሲያነጋግሩህ “ደርሶኛል፣ እየጸለይኩበት ነው” ብለሃቸዋል።

ምኑን ነው የምትጸልይበት? ስልክ ደውለሃል ወይስ አልደወልክም? ይህ ጸሎት አይፈልግም፤ እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው።

አዲሶቹ ተማሪዎች በሰኔ ይመጣሉ አሉ። እኔም የሰኔን ፈቃዴን ሞልቻለሁ። ከአውቶብሱ ሲወርዱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ አገኛቸዋለሁ። ቋንቋቸውን አላውቅም። እጇ የቆሰለችው ሴት ከጎኔ ትቆማለች፤ እጇን ሲያዩ ይጠይቃሉ፤ ሲጠይቁ የሚተረጉምልኝ አይጠፋም።

*

ሚያዝያ 20

እትዬ፣

በረከትም ጥቅስም አልጽፍም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ በጥቅስ ስከፍተው ቀደድኩት።

ደውያለሁ። ሴትዮዋ የነገረችሽ ቃል በቃል እውነት ነው። “ሲሚንቶ ፎቶ አያውቅም” ሲለኝ የሳቅሁትም እውነት ነው። ያንን ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁትም።

ላስረዳሽ ልሞክር፤ ሰበብ አድርጌ አይደለም። እዚህ ኮሌጅ በር ጠባቂ ሆኜ ነው የጀመርኩት። አስተባባሪ ለመባል አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ያን ጠዋት የቡድኑ መሪ ደውሎ “ሰዎችህ አስቸገሩን” አለኝ። “ሰዎችህ” የምትለዋ አንገበገበችኝ። ሰዎቼን በአንድ ስልክ እንደማዝ ላሳየው ፈለግሁ። ልጁ እሺ እንደሚለኝ አውቅ ነበር። በምን እንደያዝኩትም አውቅ ነበር።

ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ኢንሹራንስ አይደለም። ፎርሙ ላይ “ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው?” የሚል ባዶ መስመር ነበር። ብዙ ሰዓት አየሁት። የሞተ ሰው ከሥራ አይባረርም ብዬ አሰብኩ። በእነዚህ ቃላት ነው ያሰብኩት፣ እትዬ። ከዚያ ስሙን ሞላሁበት። ሲያነሳ ይሁን ሲመልስ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ አልፈለግሁም።

ባለፈው እሑድ ለአዲሶቹ ተማሪዎችና ለቦርዱ ሁሉንም ተናገርኩ። ያንቺን ረጅም ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተርጉሜ አነበብኩት፤ “አላፈርክም?” የሚለውን ጭምር። ባለፈው ዓመት ከሄዱት አንዱ ተነሥቶ “ታንከሩን ከሞላን በኋላ ነው ከሥሩ የቆምነው፣ አይደለም?” አለኝ። አዎ አልኩት። ተቀመጠ። በዚያ ቀን መዝሙር አልነበረም።

ከአስተባባሪነት አንስተውኛል። ሌላ ሰው ተክተዋል፤ ጉዞው ይቀጥላል። የፈረምኩበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ፤ የኮሌጁ ማኅተምም አለበት። ለዳይሬክተሩም ደርሷል።

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ባትሰጪኝም ይገባኛል።

ወንድምሽ፤ እንዲህ ብዬ መፈረም ከቻልኩ

*

ግንቦት 14

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ልጆችህ ምንም አላጠፉም፤ ሰላምታዬን ንገራቸው።

ወረቀትህ ደርሶኛል። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አደባባዩ ጋ ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ድንጋይ ላይ ወጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ፊደልህ ትንንሽ ስለሆነ እየቆምኩ ነው የማነበው።

“እናቱ፣ ቶሎ በዪልን እንጂ፣ ቀጣሪ መጣ!” አለ አንዱ ከኋላ።

“ቀጣሪው ይጠብቅ!” አለው ሌላው። “አንተን ቀጥሮ ምን ያተርፋል?”

ቀጣሪው ራሱ ከመኪናው ወርዶ ቆመ። “አሥር ቀኑ ነው ብሎኝ ነበር” የሚለው ጋ ስደርስ ሁሉም ወደ ድንጋዩ ተጠጉ። “ሲመልስ ነው የሞተው” የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ማንም ድገሚ አላለኝም። እጇ የቆሰለችው ሴት ከሥሬ ቆማ “እውነት ነው። እኔ ነኝ ያቀበልኩት” አለች።

ውሃልክ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ አቧራው ላይ።

“ለስንት ሰው ነገርኩ” አለ። “ለስንት ሰው ‘እንደ ቱምቢ እንዳትሆን’ አልኩ። በወረቀት የገደሉት እነሱ ናቸው፣ በአፌ የቀበርኩት ግን እኔ ነኝ።”

“ተነሥ” አልኩት። “ለነገርካቸው ሁሉ ሄደህ ትነግራለህ።”

“እነግራለሁ።”

እየነገረ ነው። በየሥራ ቦታው እየዞረ፣ አንዱን ከመሰላል ላይ አስወርዶ ነገረው ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። ከአራቱ የልጄ ባልደረቦች ሁለቱ ያን ጠዋት ሥራ ሄዱ። ሁለቱ በሳምንቱ።

ወረቀቱ ተስተካክሏል። ስለዚህ ሰኔ ላይ በር ላይ አልቆምም። ይህን ስላደረግህ አላመሰግንህም፤ ከመጀመሪያው የነበረብህን ነው ያደረግኸው፣ ያውም ከዘጠኝ ወር በኋላ።

ይቅርታ ለምነኸኛል። የለኝም። ይዤ ከልክዬህ አይደለም፤ ፈልጌው አጣሁት። ከመጣ እኔ እጽፍልሃለሁ። አንተ አትጠይቀኝ፤ በሰው በኩልም አታስጠይቀኝ። እስከዚያ ድረስ ስለ ሥራ ጉዳይ ብቻ ነው የምጽፍልህ።

የሥራው ጉዳይ ይኸውልህ። የተካህ አዲሱ አስተባባሪ እኔን ስለማያውቀኝ አንተ ንገርልኝ። ማስቀመጫውን የሚሠሩት ውሃልክና አራቱ ናቸው። ዳይሬክተሩ ተስማምተዋል፤ በጽሑፍ ነው። ተማሪዎቹ አሸዋ ያመላልሱ፣ ውሃ ይቅዱ፣ ጠጠር ያጥቡ፤ መዘመርም ይችላሉ። የግንበኛ ማንኪያ ግን አይነኩም። አርማታው በመጡ በአራተኛው ቀን ይፈስሳል። ክረምት ስለሆነ ውሃልክ ሃያ ስምንት ቀን ሳይሞላ አንዲት እንጨት አትነሳም ብሏል። ታንከሩም ከዚያ በፊት አይወጣም። ተማሪዎቹ ወደ አገራቸው የሚመለሱት በአሥራ አራተኛው ቀን ነው።

ትናንት ያ አዲሱ አስተባባሪ ለዳይሬክተሩ ደወለ አሉ። በጣም ትሑት ሰው ነው አሉ። ስለ ልጄ አዘነ፣ ስለኔ ጠየቀ፣ እንደሚጸልይልኝም ተናገረ። ከዚያ ከመዝጋቱ በፊት፣ “የመጨረሻውን ቀን ፎቶ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?” አለ።

ዳይሬክተሩ ጥያቄውን ወደኔ ላኩት። መልሱን አንተ ተርጉምላቸው፤ ይህን እንኳ በትክክል ተርጉም። ፎቶ ከፈለጉ ከነድጋፉ ያንሱት።

የቱምቢ እናት